ዝሆኖቹ ሲጣሉ ሣሩ ይጎዳል፤ ሲስማሙስ? ኢትዮጵያ በኃያላኑ መካከል



በቅርቡ ሚኒያፖሊስ ኤርፖርት፣ እኛ ታክሲ ነጂዎች ተራ በምንጠብቅበት ቦታ ላይ የጦፈ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ውጭው በረዶ ነው። አራት ሆነን አንድ መኪና ውስጥ ገብተን ከፔርሙስ ቡና እየቀዳን እንጫወታለን። አንዱ ወንድማችን "ኢትዮጵያ ብሪክስ ገብታለች፤ በቃ፣ ከቻይናና ከራሺያ ጋር ጠቅልላ ትሂድ። ምዕራቡ ምን አደረገልን?" አለ። ሌላው ቀበል አድርጎ "አንተ ራስህ በየወሩ የምትልከው ዶላር አይደለም እንዴ? አሜሪካን አስቀይሞ ማን ኖረ?" አለው። ድምፅ ከፍ፣ ከፍ እያለ ሄደ።

ከኋላ ወንበር ላይ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አባት ተቀምጠዋል። በወጣትነታቸው ታንከኛ ነበሩ። መጀመሪያ በአሜሪካ ታንክ ሠለጠኑ፤ ኦጋዴን ላይ የተዋጉት ግን በሶቪየት ታንክ ነው። ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና "ልጆቼ፣ እኔ በሁለቱም ላይ ተቀምጫለሁ። ሁለቱም ታንኩ ያንተ ነው ይሉሃል፤ መለዋወጫው ግን እነሱ ጋ ነው" አሉን።

እኛም ይህችን ቃል ይዘን ወደ ቤት ገባንና መጻሕፍት ማገላበጥ ጀመርን። "ከማን ጋር እንሁን?" የሚለው ጥያቄ ገና ከመነሻው የተሳሳተ ሆኖ አገኘነው። ለምን እንደሆነ በዚህ ጽሑፍ ደረጃ በደረጃ እናሳያችኋለን። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር ሲሆን ለይተን እንጽፋለን።

ከራሳችን ሥራ እንጀምር

እዚህ ሚኒሶታ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ብዙ አሽከርካሪ የሁለቱን ታላላቅ ኩባንያዎች አፕ አንድ ስልክ ላይ ጭኖ ነው የሚሠራው። አንዱ ሲቀዘቅዝ በሌላው ይሠራል፤ አንዱ ቦነስ ሲጨምር ወደሱ ይሄዳል። አባቶቻችን "ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል" ያሉት ይኸው ነው። ኩባንያዎቹ ለገበያ ሲሻሙ አሽከርካሪው ትንሽ ትንፋሽ ያገኛል።

አሁን ደግሞ 2024ን አስታውሱ። በማርች ወር የሚኒያፖሊስ ከተማ ምክር ቤት የከንቲባውን ተቃውሞ ሽሮ ለአሽከርካሪዎች ዝቅተኛ ክፍያ የሚወስን ደንብ አጸደቀ፤ በማይል 1 ዶላር ከ40፣ በደቂቃ 51 ሳንቲም። በገበያ ላይ የማይዋደዱት ሁለቱ ተፎካካሪዎች ያን ጊዜ ምን አሉ? ሁለቱም "ከሜይ 1 ጀምሮ ለቀን እንወጣለን" አሉ። ጠባቸው የት ገባ? ጠቡ ደንበኛ ለመሻማት ነበር፤ የእኛ ዋጋ ላይ ሲመጣ ግን ጥቅማቸው አንድ ሆነ።

በመጨረሻ ጉዳዩ ወደ ስቴቱ ምክር ቤት ሄዶ ለመላው ሚኒሶታ በማይል 1 ዶላር ከ28፣ በደቂቃ 31 ሳንቲም ተወሰነ። ከተማው ከወሰነው ያንሳል፤ ግን ከዚያ በታች የማይወረድበት ወለል ሆነ። ይህን ወለል ከሁለቱ ኩባንያዎች አንዳቸውም አልሰጡንም። አሽከርካሪው ተደራጅቶ፣ በዚያ ብርድ አዳራሽ ሞልቶ ያገኘው ነው።

ከዚህ ሦስት ነገር ያዙልን። አንደኛ፣ ሁለት ባላ ያለው ትንፋሽ ያገኛል። ሁለተኛ፣ ትልልቆቹ ባንተ ጉዳይ የሚስማሙበት ቀን ይመጣል፤ አደገኛው ቀን ያ ነው። ሦስተኛ፣ በዚያ ቀን የሚያድንህ የራስህ ቤት አንድነት ብቻ ነው። አሁን ወደ አገራችን እንሂድ።

ምኒልክ፦ ብድር መልሶ ውል የሰረዘ ንጉሥ

የውጫሌ ውል በሜይ 1889 ሲፈረም ዐፄ ምኒልክ ከጣሊያን ጋር ወዳጅ ነበሩ። ከጣሊያን ጠመንጃም ገንዘብም አግኝተዋል። ችግሩ አንቀጽ 17 ላይ መጣ። የአማርኛው ቅጂ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች የአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በጣሊያን በኩል መላክ "ይቻላቸዋል" ሲል፣ የጣሊያንኛው ቅጂ ግን ግዴታ አደረገው። ሮም ወዲያው ለአውሮፓ መንግሥታት "ኢትዮጵያ በእኛ ጥበቃ ሥር ናት" ብላ አስታወቀች። አንዲት ግሥ አገር ልታሳጣን ነበር።

ምኒልክ ምን አደረጉ? በስሜት አልተነሡም። የተበደሩትን ገንዘብ መለሱ፤ ከዚያ በ1893 ውሉን ሰረዙ። ቀድመውም ቢሆን በአንድ በር ብቻ አልተቀመጡም። በጅቡቲ በኩል የፈረንሳይ መሣሪያ ይገባል፤ ከራሺያም ጋር ግንኙነት ተጀምሯል። ፈረንሳይ ይህን ያደረገችው ለእኛ ፍቅር ኖሯት አይደለም፤ እንግሊዝና ጣሊያን ቀይ ባሕርን እንዳይጠቀልሉት ስለፈለገች ነው። ምኒልክ ያንን የጥቅም ጠብ አነበቡት፣ ተጠቀሙበትም።

ግን ልብ በሉ፣ ማርች 1 ቀን 1896 (የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.) ዐድዋ ላይ ያሸነፈው የፈረንሳይ ጠመንጃ ብቻ አይደለም። ከየአቅጣጫው የዘመተው፣ ትናንት እርስ በርሱ ይዋጋ የነበረው ሕዝብ ነው። ጠመንጃውን በገንዘብና በብልሃት ማግኘት ይቻላል፤ ያንን ሕዝብ አንድ ላይ ማቆም ግን ከውጭ የሚገዛ ነገር አይደለም። ከድሉ በኋላ በ1897 ፈረንሳይም እንግሊዝም አዲስ አበባ ድረስ መልእክተኛ ልከው ውል ተዋዋሉ።

ሲስማሙ የሆነው

ዐድዋን ሁላችንም እናውቃለን። ከዐድዋ አሥር ዓመት በኋላ የሆነውን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? በዲሴምበር 1906 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ለንደን ላይ ተቀምጠው የሦስትዮሽ ስምምነት ፈረሙ። የጉዳዩ ባለቤት ኢትዮጵያ ወንበር አልነበራትም። እንግሊዝ በዓባይ ውኃ፣ ፈረንሳይ በባቡሩ መሥመር፣ ጣሊያን ኤርትራንና ሶማሊያን በሚያገናኝ መሬት ላይ "ጥቅማቸው" ተከበረላቸው። ለምን ያን ጊዜ? አንዱ ምክንያት እንግሊዝና ፈረንሳይ በ1904 ታርቀው ስለነበር ነው፤ ሁለቱም በጀርመን መነሣት ሰግተዋል። ሌላው ምክንያት የምኒልክ ጤና እየደከመ መሄዱ ነው። "ሰውየው ቢሞቱስ?" ብለው ቀድመው ተካፈሉ። ምኒልክ የሰጡት መልስ ጨዋም ብርቱም ነበር፤ ስለ ነገራችሁን እናመሰግናለን፣ ግን ይህ ወረቀት የእኛን ሥልጣን በምንም አይወስነውም አሉ።

በ1925ም ተደገመ። እንግሊዝና ጣሊያን በደብዳቤ ተስማሙ፤ እንግሊዝ ጣና ላይ ግድብ እንድትሠራ ጣሊያን ትደግፋታለች፣ ጣሊያን ደግሞ የባቡር መሥመር እንድታገኝ እንግሊዝ ትደግፋታለች። ኢትዮጵያ ግን በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆና ነበር። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ በ1926 ለማኅበሩ አቤት አሉ፤ ሁለት አባላት በሦስተኛው አባል ላይ ተስማምተው ጫና እያደረጉ ነው በማለት። ነገሩ በዓለም ፊት ሲወጣ ሁለቱም "ጫና ለማድረግ አላሰብንም" ብለው አፈገፈጉ። ይባስ ብሎ በ1927 ኢትዮጵያ ሐኪም ወርቅነህን ወደ አሜሪካ ልካ የጣናን ግድብ ነገር ከአንድ የኒውዮርክ ኩባንያ ጋር መነጋገር ጀመረች። በአካባቢው ቅኝ ግዛት የሌለውን ሦስተኛ ወገን መጥራት፣ ይህም አንዱ ብልሃት ነው።

በ1935 ግን ብልሃቱ አልበቃም። የጣሊያን ጦር ከገባ በኋላ በዲሴምበር የእንግሊዙ ሆርና የፈረንሳዩ ላቫል ከአገራችን ሰፊ መሬት ቆርሰው ለሙሶሊኒ የሚሰጥ ዕቅድ በምስጢር አዘጋጁ። ጋዜጣ ላይ ሲወጣ የእንግሊዝ ሕዝብ ተቆጣ፤ ሆርም ሥልጣኑን ለቀቀ። ግን ለጣሊያን ነዳጅ አልተከለከለም፤ የስዌዝ ቦይም አልተዘጋም። እንግሊዝና ፈረንሳይ ሂትለርን ፈርተው ሙሶሊኒን ማስቀየም አልፈለጉም። ሂሳቡን የከፈለው ግን በመርዝ ጋዝ የተቃጠለው ገበሬ ነው።

ስለዚህ ተረቱ ግማሽ እውነት ነው እንላለን። ዝሆኖች ሲጣሉ ሣሩ ይጎዳል፣ እሺ። ነገር ግን ሲጣሉ ቢያንስ አንዱ ያንተን በር ያንኳኳል። ሲስማሙ ማንም አያንኳኳም፤ በርህንም ቤትህንም አብረው ይለካሉ።

ሁለቱን ባላ የተከሉበት ዘመን

በ1941 ነፃነት ሲመለስ እንግሊዝ ነፃ አውጪም ተቆጣጣሪም ሆና ነው የገባችው። በ1942ቱ ውል የእንግሊዝ መልእክተኛ ከሌሎች አገሮች መልእክተኞች ሁሉ ቀዳሚ እንዲሆን ተጻፈ፤ ኦጋዴንም በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ቀረ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሌላ ባላ መፈለግ ጀመሩ። በፌብሩዋሪ 1945 ግብፅ ውስጥ መርከብ ላይ ከፕሬዝዳንት ሩዝቬልት ጋር ተገናኙ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከአሜሪካው ቲደብሊውኤ ጋር ውል ተፈርሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ተቋቋመ፤ በኤፕሪል 1946 የመጀመሪያው በረራ ካይሮ ገባ። ዛሬ ከቺካጎ አዲስ አበባ የሚያደርሰን አየር መንገድ የዚያ ብልሃት ልጅ ነው። እሱ ራሱ ዛሬ ቦይንግም ኤርባስም ያበራል፤ በአንድ ባላ ላይ አልተንጠለጠለም።

በሜይ 1953 ከአሜሪካ ጋር የመከላከያ ውል ተፈረመ። አሜሪካኖች አሥመራ ላይ የቃኘውን የሬዲዮ ጣቢያ ለ25 ዓመት አገኙ፤ እኛ መሣሪያና ሥልጠና አገኘን። እንዲህም ሆኖ ንጉሠ ነገሥቱ በ1959 ሞስኮ ሄደው የ400 ሚሊዮን ሩብል ብድር ይዘው ተመለሱ። የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ በዚያ ወገን እርዳታ ተሠራ። ባሕር ዳር ላይ በ1963 ሶቪየቶች ፖሊቴክኒክ አቆሙ። በዚያው ሰሞን የአሜሪካ መሐንዲሶች የዓባይን ሸለቆ እያጠኑ ነበር፤ ጥናታቸው በ1964 ተጠናቀቀ። አስቡት እስቲ፦ በአንዱ ወንዝ ራስጌ የራሺያ መምህር፣ ግርጌ የአሜሪካ ቀያሽ! ሁለቱም አንዳቸው ሌላውን እያዩ ነው የሠሩልን። በ1961 ቤልግሬድ ላይ ከገለልተኞቹ አገሮች ጋር ተቀመጥን፤ በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ ተመሠረተ።

ይህ ዘመን ጉድለት አልነበረውም አንልም። ውጭው ሲያምር የውስጡ ቤት አረጀ። የመሬት ጥያቄ፣ የኤርትራ ጥያቄ፣ የወሎ ረሃብ ተከማቹ። ሌላም ነገር ነበር። ሳተላይት እየተሻሻለ ሲሄድ የቃኘው ጣቢያ ለአሜሪካ የነበረው ጥቅም ቀነሰ። ጥቅሙ ሲቀንስ የእኛም ዋጋ አብሮ ቀነሰ። ይህን ልብ በሉ፤ ኃያል አገር የሚከፍልህ ለወዳጅነትህ ሳይሆን ለምትሰጠው ነገር ነው።

በገዛ እጃችን በር ስንዘጋ

1977ን ጋሼ እንዲህ ይነግሩናል። "በእንግሊዝኛ የተማርነውን ትእዛዝ ትተን በወራት ውስጥ የራሺያን ታንክ መልመድ ነበረብን።" በፌብሩዋሪ የካርተር መንግሥት በሰብዓዊ መብት ጥሰት ምክንያት እርዳታ መቀነሱን አስታወቀ። በኤፕሪል ደርግ የቃኘውን ጣቢያና ሌሎች የአሜሪካ ቢሮዎችን ዘጋ። በሜይ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሞስኮ ነበሩ። በጁላይ የሶማሊያ ጦር በሙሉ ኃይሉ ገባ። ሶማሊያ ደግሞ እስከዚያ ድረስ የሶቪየት ወዳጅ ነበረች! ሁለቱ ኃያላን በአንድ ዓመት ውስጥ ወንበር ተለዋወጡ።

ሶቪየት ከኖቬምበር ጀምሮ በአውሮፕላን መሣሪያ አወረደች፤ የኩባ ወታደሮች ገቡ፤ በማርች 1978 ጅጅጋ ተመለሰች። አገር ዳነች፤ ይህን አንክድም። ግን ከዚያ በኋላ የቀረው በር አንድ ብቻ ሆነ። የመሣሪያው ዕዳ ተቆለለ፤ በሰሜን ያለው ጦርነት ቀጠለ።

ከዚያ ጎርባቾቭ መጡ። ከአሜሪካ ጋር መታረቅ ፈለጉ። ለአዲስ አበባም መልእክቱ ግልጽ ሆነ፤ በመሣሪያ ሳይሆን በፖለቲካ ጨርሱት፣ እኛ መክፈል አንችልም። ዝሆኖቹ ታረቁ፤ መለዋወጫውም ቆመ። በሜይ 1991 መንግሥቱ ከአገር ወጡ፤ የቀረው ድርድር ለንደን ላይ በአሜሪካኖች ሰብሳቢነት ተካሄደ። በ1906 ለንደን ላይ ተካፈሉን፣ በ1991 ለንደን ላይ ሸኙን። ከእኛ ብዙዎቹ በሱዳንና በኬንያ በኩል ስደተኛ ሆነን እዚህ በረዶ ላይ የደረስነው በዚያ ዘመን ጦስ ነው።

ዛሬስ?

ዛሬ ፉክክሩ በአሜሪካና በቻይና መካከል ነው። ራሺያ፣ የባሕረ ሰላጤው አገሮችና ቱርክም በየፊናቸው አሉ። ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ጅቡቲን እዩ። የአሜሪካም የቻይናም የፈረንሳይም ጦር ሰፈር በዚያች ትንሽ አገር ላይ አለ። የእኛ ዕቃ አብዛኛው የሚገባው በዚያው ወደብ ነው፤ ባቡሩን የሠራልን ቻይና ነው፣ ብድሩም የቻይና ነው።

ሁለት ምሳሌ እንስጥ። አንደኛው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው። በ2016 ተመረቀ። የሠራው የቻይና ኩባንያ፣ ዋናው ገዢ የአሜሪካ የልብስ ኩባንያ፣ ገበያው ደግሞ አጎአ በሚባለው የአሜሪካ ሕግ ከቀረጥ ነፃ። ሁለት ባላ ማለት ይህ ነው፤ የቻይና ሲሚንቶ ለአሜሪካ ገበያ! በሺዎች የሚቆጠሩ የገጠር ልጃገረዶች ሥራ ያዙ። በኖቬምበር 2020 የትግራይ ጦርነት ተነሣ። በጃንዩዋሪ 1 ቀን 2022 ኢትዮጵያ ከአጎአ ወጣች። ዋናው ገዢም ጓዙን ጠቀለለ። ውሳኔው የዋሽንግተን ነው፤ ትክክል ነው አይደለም ብለን ልንከራከር እንችላለን። ግን ለውሳኔው ምክንያት የሆነው እሳት እቤታችን የነደደ ነው። የተጎዳችው ደግሞ ያቺ ደመወዟን ለእናቷ የምትልክ ልጅ ናት።

ሁለተኛው ዕዳው ነው። መንግሥት በ2021 መጀመሪያ ዕዳዬ ይሸጋሸግልኝ ብሎ በቡድን 20 ማዕቀፍ ጠየቀ። ጦርነቱ ነገሩን ጎተተው። በዲሴምበር 2023 ኢትዮጵያ የ1 ቢሊዮን ዶላሩን ዩሮቦንድ ወለድ፣ 33 ሚሊዮን ዶላር፣ ሳትከፍል ቀረች። ከሳምንት በኋላ፣ በጃንዩዋሪ 1 ቀን 2024፣ የብሪክስ አባል ሆነች። ያን ጊዜ ብዙ ሰው "ዶላር ቻው" ብሎ ነበር። በዚያው ዓመት ጁላይ ግን መንግሥት ከአይኤምኤፍ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ተፈቀደለት፤ ብርም በገበያ ዋጋ ተለቀቀ። ወደ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። እኛ የምንልከው 100 ዶላር በብር በዛ፤ ዘይቱና መድኃኒቱም አብረው ወጡ።

አሁን ደግሞ የአበዳሪ መንግሥታቱን ኮሚቴ ማን እንደሚመራው እወቁልን። ቻይናና ፈረንሳይ በጋራ! የ8.4 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ጉዳይ ነው፤ በማርች 2025 በመርሕ ደረጃ ተስማምተው በጁላይ ሰነዱ ተዘጋጀ። የአይኤምኤፍ ብድር እንዲለቀቅም የእነዚህ አበዳሪዎች ማረጋገጫ ያስፈልግ ነበር። ማለትም የምዕራቡ ገንዘብ እንዲመጣ የቤጂንግ ራስ መነቅነቅ ነበረበት። ታዲያ ያ የኤርፖርቱ ወንድማችን "ከቻይና ጋር ጠቅለል እንበል" ሲል፣ ቻይና ራሷ በዕዳ ሰብሳቢዎቹ ወንበር ላይ ከፈረንሳይ ጎን መቀመጧን አላየም። እንደ ሁለቱ አፕ ኩባንያዎች ማለት ነው። ገበያ ሲሻሙ ተፎካካሪ ናቸው፤ ሒሳብ ሲሰበስቡ ግን ባለ አንድ ደብተር ናቸው።

በራስ ገንዘብ የተሠራው

መልካሙንም እንናገር። ህዳሴ ግድብ በኤፕሪል 2011 (መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም.) ተጀመረ። ዋናው ሥራ ተቋራጭ የጣሊያን ኩባንያ፣ ተርባይኑ ከአውሮፓ ኩባንያዎች፣ ለኤሌክትሪክ መሥመሩ ብድር ከቻይና፤ የግድቡ ገንዘብ ግን ከአገር ውስጥ፣ ከሕዝብ ቦንድና ከደመወዝ መዋጮ ነው። ከእናንተም ብዙዎቻችሁ ቦንድ ገዝታችኋል።

በፌብሩዋሪ 2020 ዋሽንግተን ላይ ፈርሙ የተባለውን ወረቀት ኢትዮጵያ አልፈረምኩም ብላ ቀረች። አሜሪካ የተወሰነ እርዳታ ያዘች። በኦክቶበር ፕሬዝዳንት ትራምፕ ግብፅ ግድቡን ልታፈነዳው ትችላለች ብለው በአደባባይ ተናገሩ። ግን ግድቡ አልቆመም። ለምን? መለዋወጫው እኛ ጋ ስለነበረ! ገንዘቡ የዋሽንግተን ብድር ቢሆን ኖሮ በዚያ ወር ይቆም ነበር፤ የቤጂንግ ብቻ ቢሆንም ቤጂንግ ከካይሮ ጋር ያላትን ጥቅም አስልታ ልታዘገየው ትችል ነበር። ጉዳዩ ጸጥታው ምክር ቤት ሁለት ጊዜ ቀርቦ ወደ አፍሪካ ኅብረት ተመለሰ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ በ5,150 ሜጋዋት ተመረቀ። በ1906 እና በ1925 ሌሎች በተካፈሉት ውኃ ላይ!

ባለቤቱን ካልናቁ

እንግዲህ ወደ ፍሬ ነገሩ። ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገር ትንሽ አይደለችም፤ ኃያልም አይደለችም። እንዲህ ያለች አገር የምትኖረው በትልልቆቹ ፉክክር ውስጥ በምታገኘው ክፍተት ነው። ክፍተቱን የሚያሰፋው ደግሞ የቤቷ ሰላም ነው። "ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም" ይባላል። ምኒልክ ሲታመሙ ተካፈሉ። ደርግ ከገዛ ሕዝቡ ጋር ሲዋጋ አንድ በር ቀረው። በትግራይ ጦርነት ጊዜ አጎአ ሄደ፣ የዕዳው ድርድር ተጎተተ። ዛሬም አማራ ክልልና ኦሮሚያ ውስጥ ተኩስ እያለ፣ ገበሬው ማሳው ላይ፣ ተማሪው ትምህርት ቤቱ ውስጥ መዋል ሳይችል፣ የትኛውም የውጭ ወዳጅ ሰላማችንን ሠርቶ አይሰጠንም። ድሮን የሚሸጥልን አገር ይገኛል። እርቅ የሚሸጥልን ግን የለም።

ስለዚህ ከእንግዲህ "አገራችን ከእገሌ ጋር ተፈራረመች" የሚል ዜና ስትሰሙ፣ ከማጨብጨባችሁም ከመሳደባችሁም በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ።

አንድ፦ መለዋወጫው ማን ጋ ነው? ነገ ወዳጁ ቢቆጣ ወይም ጥቅሙን ቢጨርስ፣ ሥራው ይቀጥላል ወይስ ይቆማል?

ሁለት፦ ሌላው ባላ ቆሟል ወይ? አዲሱን በር ለመክፈት የድሮውን በር ዘግተናል ወይ?

ሦስት፦ ወረቀቱን ሕዝቡ አንብቦታል ወይ? አንቀጽ 17ን አትርሱ። ውሉ በእንግሊዝኛም ይሁን በቻይንኛ፣ የአማርኛው ትርጉም ሌላ ከሆነ ነገ የምንጣላው በፊርማው ነው።

ለእኛ ለውጭዎቹም አንድ ነገር እንጨምር። እዚህ ያለን ሰዎች የአንዱ ኃያል አገር ግብር ከፋይ፣ ብዙዎቻችንም መራጭ ነን። ለኮንግረስ አባላችን ስንደውል ባለ ሥልጣን ለመቅጣት ብለን የሐዋሳዋን ልጅ እንዳንቀጣ፣ አገርን ለመደገፍ ብለን ደግሞ የተገደለውን ሰው እንዳንክድ፣ ሁለቱንም በአንድ ሚዛን እንያዝ። ከባድ ነው፤ እኛም በየጊዜው ተሳስተንበታል።

የዚያን ቀን ክርክሩ ሳያልቅ ተራችን ደረሰ። ሁለቱ ወንድሞቻችን ገና አልተስማሙም። ጋሼ ግን ከመኪናው ሲወርዱ ያንን ብሪክስ ብሪክስ የሚለውን ወንድማችንን ትከሻውን መታ አድርገው "አንተ ልጅ፣ ስልክህ ላይ ስንት አፕ ነው ያለህ?" አሉት። "ሁለት" አላቸው። "ታዲያ ለአገርህ ስትሆን ለምን አንዱን ታጠፋባታለህ?" ብለውት ወደ መኪናቸው ሄዱ።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ጻፉልን። ለአገራችን ሰላሙን፣ ለእናንተም ጤናውን ያብዛልን። ቸር ያሰንብተን!